ከጋቢዬ ጋር የተቋጠረው ሹራብ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሩ ሙሉ ስም፦ አቶ ሰቦቃ ፈዬራ በዳዳ
ዕድሜ፦ 74
የጋብቻ ሁኔታ፦ ሚስቱ የሞተችበት
ሥራ፦ ጡረተኛ፣ ቀድሞ በእንጦጦ የደን ዘበኛ
የትምህርት ደረጃ፦ ፊደል የለየ
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ የካ ክፍለ ከተማ፣ ከቀበና ወንዝ በላይ፣ የቤት ቁጥር አዲስ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ ኅዳር 27 ቀን 2008 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበለው፦ ም/ሳጅን ሁሴን አደም
ተጠርጣሪ፦ ባርኮት ኢታና፣ ዕድሜ 27፣ የስፖርት አሠልጣኝ
አመልካች፦ ወ/ሮ ሰኚ ሰቦቃ፣ አድራሻ መሪ
ጉዳዩ፦ ያለ ፈቃድና ያለ መድን በሕዝብ መናፈሻ ስፖርት በማሠራት በሰው አካል ላይ ጉዳት ማድረስ

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ሰው የማውቀውን ብቻ በእውነት እንድናገር፣ ብዋሽ በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ ቃሌን እንደሚከተለው ሰጥቻለሁ። አስቀድሞ በመዝገቡ ላይ የግል ተበዳይ ተብዬ ተጽፌ ነበር። እኔ በማንም አልተበደልኩም፣ ምስክር ተብዬ ካልተጻፍኩ አንዲት ቃል አልሰጥም በማለቴ ምስክር ተብዬ ተጽፌአለሁ።

ዛሬ ወደ ጣቢያው የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ ነው። በር ላይ ስደርስ የባርኮትን ሹራብ ይዣለሁ፣ የኅዳር ብርድ ነውና ልስጣት ብዬ ለጥበቃው ነገርኩት። ጥበቃው ሹራቡን እዚህ ይተዉት፣ እናደርስላታለን አለኝ። አልተውም አልኩ። ሹራቡ ከጋቢዬ ጫፍ ጋር ተቋጥሯል። እሱን ልተው ብል ጋቢዬንም መተዌ ነው፤ ጋቢው ደግሞ ባለቤቴ ሎሚ ፈትላ ያሠራችልኝ ነው። ቋጠሮውን እንዳልፈታ ቀኝ እጄ ጀሶ ውስጥ ነው። ጥበቃው በጥርሴ ልፍታልዎ አለኝ። "አንተ ልጅ፣ ይሄ ቋጠሮ በዳኛ ፊት እንጂ በር ላይ አይፈታም" አልኩት። እሱም "እንግዲያው ከነቋጠሮዎ ይግቡ" ብሎ ወደ ም/ሳጅን ሁሴን አስገባኝ። ይህን ቃል ስሰጥ ሹራቡ ጉልበቴ ላይ ነው።

ባርኮት ኢታናን የማውቃት ከአራት ዓመት ወዲህ ነው። ከቀበና ድልድይ ሽቅብ ሲወጣ፣ ከባሕር ዛፉ ግርጌ ባለው መናፈሻ ውስጥ ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት ስፖርት ታሠራለች። ወጣቶቹን ሽቅብ ወደ እንጦጦ ታስሮጣቸዋለች። እነሱ እስኪመለሱ እኛን ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ሣሩ ላይ አቁማ እጅ ታስነሳናለች፣ እግር ታስነሳናለች፣ ወገብ ታስዞረናለች። ከወጣቶቹ ክፍያ ትቀበላለች፣ ከእኛ አትቀበልም። ይህን የምናገረው ንግድ ነው ወይስ አይደለም ተብዬ ስለተጠየቅሁ ነው። ከፊሉ ንግድ ነው፣ ከፊሉ አይደለም። ሲቆራረጥ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም።

መጀመሪያ እዚያ የሄደችው ባለቤቴ ሎሚ ቱሉ ናት። ስኳር ስለነበረባት ሐኪሙ ተንቀሳቀሺ ብሏት ነው። እኔ አብሬያት እሄድ ነበር እንጂ አልሠራም ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ እንጦጦን በእግሬ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው፣ ሣር ላይ ቆሜ እንደ ዶሮ ክንፌን አላራግብም ብዬ ነበር። የድንጋይ አጥሩ ላይ ተቀምጬ የሎሚን ነጠላና ጫማ እይዝላት ነበር። ስትጨርስ ነጠላዋን አለብሳትና ቁልቁል አብረን እንወርዳለን።

ሎሚ በ2006 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ አረፈች። አርባዋ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት እግሬ በልማዱ መናፈሻው ወሰደኝ። አጥሩ ላይ ተቀመጥኩ። የምይዘው ነገር አልነበረኝም፤ እጄን የት እንደማደርገው ቸገረኝ። በሚቀጥለውም ቀን ሄድኩ፣ ከዚያም ወዲያ ሄድኩ። ማንም አልተናገረኝም። አንድ ቀን ባርኮት ሥራዋን አቋርጣ ወደ እኔ መጣች። ይህንኑ አሁን ጉልበቴ ላይ ያለውን አረንጓዴ ሹራብ አወለቀችና "አባባ፣ ይቺን ይያዙልኝ፤ መሬት ሳስቀምጣት ጤዛ ያበሰብሳታል" አለችኝ። ያዝኩላት። ከዚያ ወ/ሮ ዳርቱ የምትባለው ጎረቤቴ ፎጣዋን አመጣች። ሌሎቹም ኮታቸውን፣ ሻርፓቸውን፣ መነጽራቸውን እያመጡ ጉልበቴ ላይ ከመሩብኝ። በዚህ ሁኔታ የክፍሉ ልብስ ጠባቂ ሆንኩ። የአንዱን ለሌላው ሰጥቼ አላውቅም።

ብርዱ ሲመጣ ባርኮት "ልብሱን እንደያዙ እግርዎን ብቻ ያንሱልኝ" አለችኝ። እግር ማንሳት ምን ይከብዳል ብዬ አነሳሁ። ቀጥላ ይቁሙና ያንሱ አለች። እንዲህ እያለች ቀስ በቀስ ከአጥሩ አወረደችኝ። ሣሩ ላይ ወርጄ የቆምኩት ሎሚ ትቆምበት በነበረው ቦታ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ቦታውን ማንም አልያዘውም ነበር። ግራና ቀኙ ሰው አለ፣ እሱ ግን ባዶ ነበር። ም/ሳጅን ሁሴን ይህ ከጉዳዩ ጋር ምን ያገናኘዋል ብሎ ጠይቆኛል። እኔም ስለ ፈቃድ ጠይቀኸኛል፣ እዚያ ቦታ እንድቆም ማን እንደፈቀደልኝ ነው የምነግርህ ብዬ መልሻለሁ። እንዲጻፍ ጠይቄ ተጽፏል።

ስለ መንግሥት ፈቃድም የማውቀውን እናገራለሁ። ባርኮት ፈቃድ አልጠየቀችም የሚለው ሐሰት ነው። ሽማግሌ አብሮ ሲገባ ወንበር ይለቀቃል ብዬ እኔው ራሴ አብሬያት ዞሬአለሁ። የስፖርቱ ቢሮ ስፖርቱን እንፈቅዳለን፣ ሣሩ ግን የእኛ አይደለም አለን። የመናፈሻው ቢሮ ሣሩ የእኛ ነው፣ ነገር ግን ሰው ቢወድቅበት ማን ይጠየቃል፣ የመድን ውል ይዛችሁ ኑ አለን። እኔ ሣር ላይ የወደቀ ሰው ሣሩን ሲከስ አይቼ አላውቅም ብዬ ነበር። ባርኮት ክንዴን ያዝ አድርጋ "እሺ፣ እናመጣለን" ብላ ወጣን።

ለመድኑ ወደ መገናኛ ሄድን። ቢሮው ፎቅ ላይ ነው። ሰዉ አሳንሰር ይጠብቃል፤ እኔ በደረጃ ወጥቼ ከላይ ሆኜ ባርኮትን ጠበቅኋት። ከረባት ያሠረ ጨዋ ልጅ ተቀበለን። የሚሠሩትን ሰዎች ዕድሜ ጠየቃት፣ ነገረችው። ልጁ ብዕሩን አስቀመጠ። ከስልሳ አምስት ዓመት በታች ያሉትን መመዝገብ እንደሚችል፣ ከዚያ በላይ ያሉት ግን አደጋቸው ብዙ ስለሆነ ድርጅቱ እንደማይቀበል ነገራት። "የኔ ልጅ፣ አደጋማ ያለው የሚሮጡት ላይ ነው፤ እኛ እኮ ቆመን ነው" አልኩት። "አባቴ፣ በእኔ ቢሆን እርስዎን መጀመሪያ እመዘግብ ነበር፤ መመሪያው ነው" አለኝ። ብወድቅ ወጌሻ አለ፣ ብሞት እድሬ አለ፣ ለእናንተ ምን ይተርፋችኋል አልኩት። ልጁም ሳቀና "እኛም ፈርተን ያለነው እሱን ነው" አለ።

ከዚያ ልጁ ወደ ባርኮት ዞሮ፣ አረጋውያኑን ካስወጣሻቸው ወረቀቱን ዛሬውኑ አዘጋጅልሻለሁ አላት። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወረቀቱን ይዛ ወደ መናፈሻው ቢሮ ብትሄድ ፈቃዱን ታገኝ ነበር። ባርኮት አመስግናው ብድግ አለች። ታክሲ ውስጥ እኔ ነኝ የተናገርኩት። እኛን ተይን፣ ልጅ ነሽ፣ እንጀራሽን አትዝጊ አልኳት። እሷ በመስኮት ባቡሩን ታያለች። "እሺ አባባ፤ ልብሱንስ ማን ይይዝልናል?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ያለ መድን ማሠራቷን ቀጠለች። ሕጉን አታውቅም ነበር አልልም፤ ታውቅ ነበር። እያወቀች የተወችው በእኛ ምክንያት ነው። ይህ ጥፋት ከሆነ እኛም አለንበት።

ቅዳሜ ኅዳር 25 ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ግድም ወጣቶቹ ሽቅብ ሄደው እኛ ወገብ በማዞር ላይ ሳለን፣ ገበየሁ የሚባል የደንብ አስከባሪ ከአንድ ባልደረባው ጋር መጣ። ገበየሁ የሠፈራችን ልጅ ነው። ከዚያ በፊትም ያለ ፈቃድ አታሠሪ ብሎ አስጠንቅቋት ያውቃል። ያን ቀን ግን ክፍሉ እንዲበተንና ባርኮት ወደ ወረዳ እንድትሄድ ነገራት። እኔ ገበየሁን አልወቅስም። እኔም ዘበኛ ነበርኩ፤ የታዘዘ ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ሎሚንም ያገኘኋት በወጣትነታችን ጊዜ ከደኑ ቅጠል ስትሸከም ይዤ ገመዷን ወስጄባት ነው። ገመዴን ስጠኝ እያለች ተመላለሰች፤ በመጨረሻ ገመዱን ትታ ዘበኛውን ይዛ ሄደች። ም/ሳጅን ሁሴን ይህንም መጻፍ አያስፈልግም ብሎ ነበር፤ ከሳቀ በኋላ ጽፎታል።

ወ/ሮ ዳርቱ ግን ገበየሁን ለቀቅ አላደረገችውም። "አንተ ገበየሁ፣ እናትህን እዚሁ ሣር ላይ ወገቧን ስታፍታታልህ የት ነበርክ? ያኔ ፈቃድ ያላት መስሎህ ነው?" አለችው። "እማማ ዳርቱ፣ በእናቴ አይምጡብኝ፤ እኔ ታዝዤ ነው" አላት። "ታዝዤ ነው ይላል! እንግዲያው ወገቧንም መልሰህ እሠርላት!" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ገበየሁም አንገቱን ደፋ። ባርኮት ብቻ አልሳቀችም። ሹራቧን ከእኔ ተቀብላ እጅጌውን ወገቧ ላይ አሠረችና እሄዳለሁ፣ እናንተ እግራችሁን ሳታፍታቱ ወደ ቤት እንዳትገቡ አለችን።

በዚህ ጊዜ ያደረግሁትን በትክክል መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። ልጅ ሆኜ በአገራችን የሚካሰሱ ሰዎች የልብሳቸውን ጫፍ ተቋጥረው እስከ ዳኛው ድረስ አብረው ሲሄዱ አይቻለሁ። ቁራኛ ይባላል። አንዱ ሌላውን ጥሎ አይሄድም፤ ቋጠሮውም በዳኛ ፊት ነው የሚፈታው። እኔም አሰብኩ። ገበየሁ ታዝዤ ነው ካለ እሱ ከሳሽ አይደለም። ባርኮትን ያስጠየቃት የእኛ ዕድሜ ከሆነ ግን ከሳሿ እኔ ነኝ ማለት ነው። ስለዚህ የጋቢዬን ጫፍ ወስጄ ከሹራቧ ጋር በዘበኛ ቋጠሮ ቋጠርኩት። "አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?" አለችኝ። ቁራኛሽ ነኝ፣ ወረዳ ድረስ አብረን ነን፣ እዚያ ሲፈርዱ ይፈቱናል አልኳት። ገበየሁ ይሄ ነገር ዛሬ የለም እኮ አባባ አለ። ዛሬ ባይኖር ጋቢው አለ አልኩት። ባርኮትም ልትፈታው ሞክራ ነበር፤ የደን ዘበኛ ቋጠሮ ግን እንዲህ በቀላሉ አይፈታም።

ከመናፈሻው በር እስከ ድልድዩ ያለው መንገድ ድንጋይ የተደረደረበት ቁልቁለት ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ረግፎበት ጤዛ ነበረው። ገበየሁ ከፊት፣ ባልደረባው ከኋላ፣ እኛ ከመካከል ሆነን እንወርዳለን። ማንም አልገፋንም፣ ማንም አልጎተተንም። አጋማሽ ላይ ባርኮት ቆም አለችና "አባባ፣ ትንሽ እንረፍ" አለችኝ። ገበየሁም "ይረፉ አባባ፤ ወረዳው አይሸሽም" አለ። እኔ አልደከመኝም አልኩና እርምጃዬን ቀጠልኩ። እሷ ቆማለች፣ እኔ ሄጃለሁ፣ በመካከላችን ቋጠሮ አለ። ጋቢው ከኋላ ያዘኝ፣ እግሬ ቅጠሉ ላይ ሸተተ፣ በቀኝ እጄ ወደቅኩ። ከወገቧ ላይ ሹራቡ ተፈትቶ ከእኔ ጋር መጣ። አወዳደቄ ይህ ነው። ስፖርት ስሠራ አልወደቅኩም። ስፖርቱ ሣሩ ላይ ቀርቷል። የወደቅኩት አልደከመኝም ስላልኩ ነው፤ ለዚህ ደግሞ መድን የሚሸጥ ድርጅት ያለ አይመስለኝም።

ባርኮት አጠገቤ ተንበርክካ እጄን እንዳላንቀሳቅስ ያዘችልኝ። ገበየሁ የአንገት ልብሱን አውልቆ እጄን ከደረቴ ጋር አሠረልኝ። ከዚያ በጀርባው አዝሎ እስከ አስፋልቱ አወረደኝ። ደንብ አስከባሪ ያዘለው የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ባርኮት ከጎን እየሄደች "አባባ፣ ይተንፍሱ፤ አንድ፣ ሁለት" ትለኝ ነበር፤ ልክ ሣሩ ላይ እንደምትለን። ታክሲ ይዘው ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። አጥንቱ ስንጥቅ ነው ተብሎ ጀሶ ተደረገልኝ።

ልጄ ሰኚ ተደውሎላት ከመሪ በሩጫ መጣች። እኔ በመርፌው ምክንያት ፈዝዤ ስለነበር የሚጠይቁኝን አልመለስኩም። ከነርሶቹ አንዷ መናፈሻ ስፖርት ሲሠሩ ወድቀው ነው አለቻት። ሰኚ ማን ነው የሚያሠራው ብላ ጠየቀች። ፈቃድ የላትም፣ መድንም የላትም የሚለውን ከሰው ሰማች። እናቷን ከቀበረች ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ አባቷን በጀሶ ስታገኘው ምን ታድርግ? ወደ ጣቢያ ሄደች። በዚህ አልተቆጣሁም። በልጄ ቦታ ብሆን እኔም እሄድ ነበር፤ ምናልባት ዱላ ይዤ።

ባርኮት መታሠሯን እኔ አላወቅሁም ነበር። ትናንት እሑድ አመሻሽ ላይ ወ/ሮ ዳርቱ ልትጠይቀኝ መጥታ ነገረችኝ። ጋቢዬን ባይ ሹራቡ እንደተቋጠረ አለ። ልጅቷ በስስ ልብስ ጣቢያ አድራለች ማለት ነው። ልነሳ ብል ሰኚ አልጋው አጠገብ ናት፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ወደ ቤቷ አልሄደችም። መሪ ኮንዶሚኒየም ይዛኝ ልትሄድ ፈልጋለች። እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ማንን እጠብቃለሁ ብያታለሁ። ዛሬ ጎህ ሲቀድ እንቅልፍ ወሰዳት። እንዳልወጣ ብላ ጫማዬን ደብቃ ነበር። በሎሚ ነጠላ ጫማ ወጣሁ። ይህ አይጻፍ ብዬ ነበር፤ ነገር ግን እግሬን ያየ ሁሉ ያውቀዋልና ይጻፍ። ስመጣ በመናፈሻው በኩል አለፍኩ። ዛሬ ሰኞ ነው፣ የስፖርቱ ቀን ነው። ሣሩ ላይ ማንም አልነበረም።

ልጄ ነቅታ ስታጣኝ ተከትላኝ መጥታለች። አሁን በረንዳው ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ስለ ባርኮት አንድ የማታውቀው ነገር ስላለ በዚህ ቃል ውስጥ እንዲገባ እፈልጋለሁ። ሎሚ አልጋ ላይ በዋለችበት በመጨረሻው ጊዜ እግሯ እየቀዘቀዘ፣ እየደነዘዘ ነበር። ባርኮት ጠዋት ስፖርቱን ስትጨርስ ቤታችን ትመጣ ነበር። "አካም ቡልታን" ብላ ትገባለች፤ ሎሚ በቋንቋዋ ሰላም ሲሏት ደስ ይላት ነበር። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገልጣ አንዱን እግር ታነሳለች፣ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ ሌላውን ታነሳለች። ሎሚ በአልጋዋ ላይ ሆና ስፖርት ትሠራ ነበር ማለት ነው። "ሰቦቃ፣ ነጠላዬን ይዘኸዋል?" ትለኝ ነበር። ይዤዋለሁ እላት ነበር፤ እውነትም እይዘው ነበር።

ሰኚ ከሥራ ስትመለስ ማታ መጥታ የእናቷን እግር ትዳስሳለች። ሞቆ ስታገኘው "አባዬ፣ ምን ቀባሃት?" ትለኝ ነበር። ቅባት ነው እላት ነበር። እንዲህ በላት ያለችኝ ሎሚ ናት። ሰኚ ከሰማች ሥራዋን ትታ እኔ ላሽሽ ትለኛለች፣ ተዋት፣ ልጆቿን ታሳድግበት ብላኝ ነው። ቅባት አልነበረም። ባርኮት ነበረች። ያኔም ፈቃድ የጠየቃት የለም፣ ብትወድቅ ማን ይጠየቃል ያለም የለም። ለሎሚ የገባሁትን ቃል ዛሬ አፍርሼአለሁ፤ ይቅር እንደምትለኝ አምናለሁ።

ም/ሳጅን ሁሴን ተመክረህ ወይም ተለምነህ ነው ወይ ብሎ ጠይቆኛል። ከታሠረች ወዲህ ባርኮትን አላየኋትም። በዚህ ዕድሜዬ የሚመክረኝ ሰው አልተገኘም፤ ቢገኝማ ኖሮ ቁልቁለቱ ላይ አርፍ ነበር። ካሣ ትጠይቃለህ ወይ ተብዬ አልጠይቅም ብያለሁ። የጉዳቱ ክስ የሚቀጥለው በልጄ ማመልከቻ እንደሆነ፣ የፈቃዱና የመድኑ ነገር ግን ለብቻው በወረዳው የሚታይ እንደሆነ ተገልጾልኝ ተረድቻለሁ። ወረዳው ሲጠራትም አብሬ እሄዳለሁ፤ ቁልቁለቱ ላይ አርፋለሁ። ልጄን ክሱን ተይው ብዬ አላዛትም። አዋቂ ናት፣ የራሷ ልብ አላት። ነገር ግን እኔ ፊደል እለያለሁ እንጂ የእጅ ጽሑፍ አይገባኝም፤ ይህ ቃል ሲነበብልኝ የሳጅኑን ድምፅ አልፈልግም። ያስተማርኳት ልጅ ውጭ ተቀምጣለች። እሷ ታንብብልኝ። እሷ አንብባ አባዬ፣ ያልከው ይህ ነው ካለችኝ እፈርማለሁ፤ ካላነበበችው ከነቋጠሮዬ እዚሁ እውላለሁ።

ከላይ የተናገርኩት በዓይኔ ያየሁትን፣ በጆሮዬ የሰማሁትንና በራሴ እጅ የደረሰውን ነው። የጨመርኩበት የለም፤ የቀነስኩትም የለም፤ ለሎሚ ብዬ ደብቄው የነበረው እንኳ ወጥቷል።

የምስክሩ ፊርማ፦ ሰቦቃ

ቃሉን የተቀበለው ፖሊስ ማረጋገጫ፦
ቃሉ በምስክሩ ብርቱ ጥያቄ በልጁ በወ/ሮ ሰኚ ሰቦቃ ተነብቦለታል። አንባቢዋ ስለ እናቷ እግር ከተጻፈበት ስትደርስ አቁማ ውኃ ጠይቃለች፤ ውኃው ከመጣ በኋላ ሳትጠጣው እስከ መጨረሻው አንብባለች። ምስክሩ ቀኝ እጁ በጀሶ ስላለ የግራ አውራ ጣቱን አሻራ እንዲሰጥ ቢጠየቅ፣ ስም ያለው ሰው ጣት አያቀርብም በማለት በግራ እጁ ስሙን ጽፏል። የአባቱን ስም ለመጨመር ጀምሮ ደክሞኛል ብሎ ትቶታል።

ወ/ሮ ሰኚ ሰቦቃ ያቀረበችውን ማመልከቻ ማንሳቷን በዚሁ ዕለት በፊርማዋ አረጋግጣለች። ተጠርጣሪዋ ከማረፊያ ክፍል ስትቀርብ ምስክሩ ከመቀመጫው ተነስቷል። በጋቢውና በሹራቡ መካከል ያለውን ቋጠሮ የፈታችው ወ/ሮ ሰኚ ናት፤ ጥብቅ ስለነበር ጊዜ ወስዶባታል፤ ማንም አላገዛትም። ሹራቡንም ለባርኮት ያለበሰቻት እሷው ናት። ምስክሩ ሹራቡን ስለማስረከቡ እንዲፈርም ሲጠየቅ "ስትሰጠኝ አላስፈረመችኝም" በማለቱ ታልፏል።

ም/ሳጅን ሁሴን አደም
ፊርማ